ልብ ሲደልቅ ሞት መጣ ማለት አይደለም

(በሮብ ገበያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የመጣሁት ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች ልነግራችሁ አይደለም። እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በሰልፍ ላይም፣ በክበባችሁም፣ በግድግዳ ጽሑፍም ስትሰሙትና ስታነቡት ኖራችኋል። ዛሬ የምናወራው ስለ ፍርሃት ነው። "እንዴ! እኛ ደግሞ ምን ፈሪ አደረገን?" እንዳትሉኝ። በእኛ አገር ፈሪ መባል ከስድብ ሁሉ የከፋ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምናገረው ግን ስለ ፈሪነት አይደለም። ጀግናውንም፣ ጎበዝ ተማሪውንም፣ የቤቱን ታላቅ ልጅም ሳይመርጥ በድንገት ስለሚይዝ አንድ ነገር ነው። ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ልንለው እንችላለን።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። "እኔም ደርሶብኛል" የምትሉ እጃችሁን አታውጡ። ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጥያቄ ያላችሁ ስም ሳትጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ።

ነገሩ እንዴት ይጀምራል?

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። ስም አንስጣት፤ ከእናንተ መካከል ማንኛዋም ልትሆን ትችላለችና። ሞዴል ፈተና ላይ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ስታጠና አድራለች፤ ጠዋት ከቡና በቀር ምንም አልቀመሰችም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ስትጀምር ልቧ ድንገት ይደልቃል። አየር ያጥራታል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ላብ ያጠምቃታል። ክፍሉ የሚዞር ይመስላታል። በጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለሳል፤ "ልሞት ነው!"

ወረቀቷን ጥላ ትወጣለች። ዛፍ ሥር ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ስትቆይ ይለቃታል። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ትመረመራለች፤ "ምንም የለብሽም" ትባላለች። ደስ ሊላት ሲገባ ይብሱን ትጨነቃለች። "ምንም ከሌለብኝ ያ ሁሉ ምን ነበር?" ብላ። በሚቀጥለው ረቡዕ ገበያ መሐል፣ ሰው ግጥም ባለበት፣ ያው ነገር ይመጣባታል። ከዚያ በኋላ ገበያ መሄድ ትተዋለች። ቀጥሎ ብዙ ሰው ያለበት ቤተ ክርስቲያን ትፈራለች። ቀጥሎ ትምህርት ቤት። ማታ ተኝታ ደግሞ "ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል፣ ከስቻለሁ፤ ኤች አይ ቪ ይዞኝ ቢሆንስ?" ትላለች። ለመመርመርም ትፈራለች።

አያችሁ? አንድ የአሥር ደቂቃ ነገር የአንዲትን ልጅ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርትና ጤና አንድ በአንድ ወሰደባት። ስለዚህ ነው ነገሩን ማወቅ የሚያስፈልገን።

ፓኒክ አታክ ምንድን ነው?

ፓኒክ አታክ በድንገት የሚነሣ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ፣ ከዚያም በራሱ የሚበርድ ኃይለኛ የፍርሃት ስሜት ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ከ20 እስከ 30 ባሉት ደቂቃዎች ውስጥም ይቀንሳል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ የልብ ድለቃ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት መጨነቅ፣ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣትና የከንፈር መደንዘዝ፣ ሰውነትን ሙቀት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ አካባቢው ሕልም ሕልም መምሰል፣ "ልሞት ነው" ወይም "ላብድ ነው" ብሎ መፍራት። ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ላይታዩ ይችላሉ።

"ይህ የፈረንጆች በሽታ ነው" የሚል ይኖራል። አይደለም። በተለያዩ አገሮች ከ142 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ100 ሰዎች 13 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ፓኒክ አታክ ደርሶባቸዋል። በዚህ ስሌት 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ስድስት ሰባት ሰው ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን ነገሩ እየተደጋገመ ወደ ሕመም የሚለወጥባቸው ከ100 ሰዎች ሁለት እንኳ አይሞሉም። የቀሩት አንድ ሁለት ጊዜ ይይዛቸውና ይተዋቸዋል፤ ወይም ቢደጋገምባቸውም ኑሯቸውን አያናጋባቸውም።

ቃሉ ራሱ የእረኛ ታሪክ አለው። የጥንት ግሪኮች ፓን የሚባል የእረኞችና የዱር አምላክ ነበራቸው። ማንም በሌለበት ጫካና ሜዳ መንጋና ሰው በድንገት ሲበረግግ "ፓን አስደንግጦት ነው" ይሉ ነበር። ፓኒክ የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ከብት ያገደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ምንም ሳይታይ መንጋው ሁሉ በአንዴ ይበረግጋል።

ሰውነታችን ለምን እንዲህ ያደርጋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ምሽት ላይ ከወንዝ ውኃ ቀድቶ ሲመለስ ጅብ ድንገት ከፊቱ ቆመ እንበል። ልጁ ቁጭ ብሎ "ይህ ጅብ ነው ወይስ ውሻ?" ብሎ አያሰላስልም። ሰውነቱ ከሐሳቡ ይቀድማል። በአንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ የለውዝ ፍሬ የሚያካክሉ፣ አሚግዳላ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። አደጋ ሲመጣ ቀድመው ከሚነቁት መካከል እነርሱ ናቸው። ከአንጎል የሚወጣው መልእክት ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ወደተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ይደርሳል። እነርሱም አድሬናሊን የሚባል ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ።

ከዚያስ? ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ለእግርና ለክንድ ጡንቻ ብዙ ደም መላክ አለበትና። ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ለሩጫ ብዙ ኦክስጅን ያስፈልጋልና። ላብ ይወጣል፤ የሚሮጥ ሰውነት መቀዝቀዝ አለበትና። ከቆዳና ከጣት ደም ይሸሻል፤ እጅ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ሆድ ሥራውን ያቆማል፤ ማቅለሽለሽ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዓይን ይፈጣል። ልጁ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ዱላውን ያነሣል። ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሰውነት ዝግጅት በዝርዝር ገልጾታል። ሳይንሱ "መታገል ወይም መሸሽ" ይለዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከላይ የቆጠርኳቸውን የፓኒክ አታክ ምልክቶች ከዚህ ጋር አስተያዩአቸው። አንድ ናቸው! ልዩነቱ ምንድን ነው? በመጀመሪያው ታሪክ ጅብ አለ። በሁለተኛው ጅብ የለም። ሰውነቱ ጤነኛ ነው፤ መሣሪያውም በትክክል ሠርቷል፤ የሠራው ግን በማያስፈልግበት ሰዓት ነው።

አባቶቻችን "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይላሉ። ልጥ እባብ አይደለም። ልጡ ግን ሰውየውን እንደ እባብ አስደነገጠው። ድንጋጤው እውነተኛ ነው፤ እባቡ ግን የለም። ፓኒክ አታክን ከዚህ አጥርቶ የሚገልጽ አባባል አላገኘሁም።

መደንዘዙና ማዞሩስ?

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ይህ ነውና ለብቻው ላስረዳ። ባዮሎጂ የተማራችሁ ታውቃላችሁ፤ ስንተነፍስ ኦክስጅን እናስገባለን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናወጣለን። ተቀምጠን ሳለ እንደሚሮጥ ሰው ቶሎ ቶሎ ከተነፈስን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ከደማችን ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፤ ያዞራል። ጣትና ከንፈር ይደነዝዛሉ፤ ደረት ይጨንቃል። የሚገርመው ደግሞ "አየር አጠረኝ" የሚለው ሰው አየር አላነሰውም፤ በዝቶበታል። አየር አጠረኝ ብሎ ይበልጥ በተነፈሰ ቁጥር ማዞሩ ይብሳል።

"ራሴን ስቼ እወድቃለሁ" ብለው የሚፈሩ አሉ። ሰው ራሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። በፓኒክ ጊዜ ግን ግፊቱ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ እወድቃለሁ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይወድቅም።

ታዲያ ያለ ጅብ ለምን ይመጣል?

መልሱ አንድ አይደለም። በርካታ ነገሮች ይደራረባሉ።

አንደኛ፣ የቤተሰብ ዝንባሌ አለ። እናቱ ወይም አባቱ ይህ ችግር ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ሊያጋጥመው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ያለፈ አደጋና ሐዘን። እ.ኤ.አ. በ1871 ጄኮብ ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በእርስ በርስ ጦርነቱ ስለተካፈሉ ወታደሮች ጽፎ ነበር። ልባቸው ይደልቃል፣ ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ሲመረመር ግን ብዙዎቹ በልባቸው ላይ በሽታ አልተገኘባቸውም። ሩቅ ሳንሄድ ወደ ራሳችን እንምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፣ ቤተሰብ አጥተዋል። ተኩስ የሰማ ጆሮ በር ሲጋጭም ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ልጥ እንዳየው ሰው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የፈተና ጭንቀት። እንደምታውቁት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየሄዱ የሚፈተኑት ሆነ። በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ተማሪ፣ ከቤቱ ርቆ፣ በማያውቀው አዳራሽ ሲቀመጥ ቢጨነቅ ምን ይገርማል?

አራተኛ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ባዶ ሆድ፣ ቡናና ጫት። ቡናም ጫትም ልብን ያስቸኩላሉ። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን በጫትና በቡና የሚያነጋ ልጅ የፓኒክን ደጃፍ በገዛ እጁ እየከፈተ ነው። አረቄም መፍትሔ አይሆንም። ማታ ያስተኛ ይመስላል፤ ስካሩ ሲለቅ ግን ልብ ይበልጥ ይደልቃል።

ፍርሃትን መፍራት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። አንድ ጊዜ መያዝ ያለ ነው። ለምን ይደጋገማል?

ዴቪድ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን በቀላል ክብ አስረድቶታል። ሰውየው ሰውነቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ይሰማዋል፤ ለምሳሌ ደረጃ ወጥቶ ልቡ ትር ትር ይላል። "ልቤ ሊቆም ነው" ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ያስፈራዋል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ይጨምራል። አድሬናሊኑ ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል። "ይኸው! አላልኩም?" ይላል። ክቡ እየዞረ ይሄዳል። እሳቱን የሚያነደው ራሱ የልቡ ምት አይደለም፤ ለምቱ የሰጠው ትርጉም ነው።

ከዚያ መሸሽ ይመጣል። የያዘው ገበያ ውስጥ ከሆነ ገበያ አይሄድም። ባለመሄዱ ለጊዜው ይቀለዋል። አንጎሉ ግን ምን ይማራል? "ያልሞትኩት ስላልሄድኩ ነው" ብሎ ይማራል። ፍርሃቱ ይጸናል። ውሻ የምትፈሩ ታውቁታላችሁ፤ በሮጣችሁ ቁጥር ይከተላችኋል።

ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ያገናኘዋል። በአገራችን የቫይረሱ መኖር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተገኙት በ1986 ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዘመናት በሽታው መድኃኒት ስላልነበረው ትምህርቱም የሚያስፈራ ነበር፤ የራስ ቅል ሥዕል የተለጠፈበት ጊዜ ነበር። ያ ፍርሃት ከመድኃኒቱ መምጣት በኋላም ከብዙ ሰው ልብ አልወጣም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ተጀምሯል። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ለሌላው አያስተላልፍም።

እንግዲህ ስሙኝ። ልብ መደለቅና እጅ መንቀጥቀጥ ኤች አይ ቪ ለመያዝ ማስረጃ አይሆኑም። በተቃራኒው ደግሞ፣ ጤነኛ ሆኖ መታየትም ነፃ ለመሆን ማስረጃ አይሆንም። ስሜት አይመረምርም፤ የሚመረምረው ደም ነው። "ቢይዘኝስ" ብላችሁ ለወራት እንቅልፍ ከምታጡ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከአጋላጭ ሁኔታ በኋላ 72 ሰዓት ካላለፈ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ስለዚህ ቶሎ መሄድ ነው። ካለፈ ደግሞ ባለሙያው መቼ መመርመርና መቼ መድገም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ከ3 ወር በኋላ የሚደረግ ምርመራ አስተማማኝ ነው። ውጤታችሁ የእናንተ ምሥጢር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ሳልና መክሳት ፓኒክ አይደሉም። እነዚህ ያሉበት ሰው ለቲቢም ለኤች አይ ቪም ሳይዘገይ ይመርመር።

ሲይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ቦታችሁን አትልቀቁ። አደጋ ከሌለ በስተቀር ባላችሁበት ቁጭ በሉ። የሸሸ ሰው ነገ ያንኑ ቦታ ይፈራል።

2. ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። "ይህ የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው። ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም። ያልፋል።" በልባችሁ ብቻ ሳይሆን በከንፈራችሁም በሉት።

3. ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ደረታችሁ ሳይሆን ሆዳችሁ ከፍ ዝቅ ይበል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉበት። ደህና በሆናችሁበት ሰዓትም በየቀኑ ተለማመዱት፤ ያልተለማመዱትን በጭንቅ ቀን ማድረግ ያስቸግራል። ፌስታል ወይም ከረጢት ውስጥ ግን አትተንፍሱ፤ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

4. ከፍርሃቱ ጋር ግብግብ አትግጠሙ። ጎርፍ ሲመጣ ዳር ቆሞ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ሁኑ። ጎርፉ ይጎድላል።

5. የሸሻችሁትን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ መልሱ። ያቺ ልጅ ገበያ ፈርታ የለ? መጀመሪያ ገበያ በማይቆምበት ቀን ከእህቷ ጋር በሜዳው ታልፍ። ቀጥሎ ረቡዕ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ዳር ዳሩን። ቀጥሎ ጤፍ ተራው ድረስ። ቀጥሎ ብቻዋን ጨው ገዝታ ትመለስ። በየደረጃው ልቧ ቢመታም ፍርሃቱ እስኪበርድ ትቆይ። አንጎል በምክር ብቻ አይማርም፤ እዚያው ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ ነው የሚማረው። ለፈተናም እንዲሁ ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ፣ ዝም ባለ ክፍል፣ በቡድን ተፈታተኑ።

6. እንቅልፍ፣ ቁርስ፣ እንቅስቃሴ። ኳስ መጫወትና መሮጥ የልብ ምትን ከፍርሃት ውጭ ያለማምዳል። "ልቤ ሲመታ ሁልጊዜ አደጋ አይደለም ለካ!" የሚለውን ሰውነት ይማረዋል።

ጓደኛችሁን ቢይዘውስ? አትክበቡት፤ አየር ልቀቁለት። ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት፤ ውኃ አትድፉበት። "ተው አትሞላቀቅ" አትበሉት። አጠገቡ ቁጭ በሉና በዝግታ "አብሬህ ነኝ፣ ያልፋል፣ ከእኔ ጋር ተንፍስ" በሉት። እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ስትተነፍሱ እሱም ይከተላችኋል።

መቼ ሐኪም ዘንድ እንሂድ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ሁሉ ይታይ። ለምን? ፓኒክን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉ። የደም ማነስ ልብን ያስመታል። ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ልብን ያስመታል፣ ያስልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ልብ በሽታ በአገራችን ወጣቶች ላይ ይታያል። አስምም አለ። ሩጫ ላይ ወይም ሸክም ላይ የሚነሣ የደረት ሕመም፣ እውነተኛ ራስን መሳት፣ የእግር እብጠት፣ ደም መትፋት ካለ አትዘግዩ፤ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ቢቸና ወይም ሞጣ ሆስፒታል ሂዱ።

ምርመራው ደህና ሆኖ ነገሩ ከተደጋገመ፣ ትምህርት ካስቀረ፣ ወይም "መኖር አልፈልግም" የሚል ሐሳብ ካመጣ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ለአንድ የምታምኑት ሰው በዚያው ቀን ንገሩ፤ አታሳድሩት።

በወረቀት ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

"ወደ እብደት ይወስዳል ወይ?" የሚል አለ። አይወስድም። በፓኒክ ያበደ የለም። ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚመጣ ግን ይገባኛል። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። "አማኑኤል ገባ" ማለት አበደ ማለት ሆኖ ቀረ፤ ሰውም የጭንቀት ሕክምናን አፈረበት። ያ ዘመን እየተለወጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ተራ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያስችል ፕሮግራም ጀምሯል፤ አገራችንም በ2012 የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥታለች።

"መንፈስ ቢሆንስ? ጠበል ልጠመቅ ወይስ ሐኪም ቤት ልሂድ?" የሚል አለ። እኔ የማንንም እምነት አልነካም። ጠበሉም ጸሎቱም ለሚያምንበት ሰው ብርታት ነው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግን አያስፈልግም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ አስተምረዋል። ለዚህም ሕመም እንደዚያው ነው።

"መድኃኒት አለው ወይ?" አለው። አንደኛው በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁን የፍርሃት ክብ ከባለሙያ ጋር መፍታት ማለት ነው። ሁለተኛው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ለምሳሌ ፍሉክሰቲን። ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሐኪም ያዘዘው ብቻ ይወሰዳል። ከመድኃኒት ቤት ወይም ከጎረቤት የማስተኛ ክኒን ተቀብሎ መዋጥ ግን ሱስ ያስይዛል። አታድርጉት።

"ለቤተሰቦቼ ምን ብዬ ልንገራቸው?" ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ ነው። እናንተ ከተማራችሁት ባዮሎጂ ጀምሩ። "እማዬ፣ ልቤ የሚደልቀው በሽታ ኖሮብኝ አይደለም፤ ሰውነቴ ሳያስፈልገው ስለሚደነግጥ ነው፤ ሐኪም ዘንድ አብረሽኝ ሂጂ" በሏት። ሰምታ ልትስቅ ትችላለች፤ ወይም "እኔንም በልጅነቴ ያደርገኝ ነበር" ልትላችሁ ትችላለች። እሷ ካልሰማች ለሚያምኑት መምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለአጎት ለአክስት ንገሩ። አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብለዋልና።

ውድ ተማሪዎች፣ ለክበባችሁ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ልጨርስ። ከሚቀጥለው ፈተና በፊት በየክፍሉ እየዞራችሁ የዛሬውን አራት ስድስት ትንፋሽ አስተምሩ፤ ምርመራ ለሚፈራ ጓደኛም እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ አብሮ የሚሄድ ሰው መድቡ። ብቻውን የማይሄድ ብዙ ሰው አለ፤ አብሮት የሚሄድ ካገኘ ግን ይገባል።